ወርክ ፐርሚቱ ይግባ ወይስ ይቅር?

አሜሪካ ውስጥ ዜጋ አግብተው ግሪን ካርድ በሚጠብቁ ሀበሾች ቤት «ካርዱ መምጣቱ ላይቀር ለወርክ ፐርሚት ምን አስከፈለን?» የሚል ክርክር አይጠፋም። የጦፈው ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ወዲህ ነው። ቀድሞ የሥራ ፈቃዱ ቅጽ ከግሪን ካርድ ማመልከቻው ጋር ሲገባ ተጨማሪ አይከፈልበትም ነበር፤ አሁን በማመልከቻው 1,440 ዶላር ላይ ሌላ 260 ዶላር ይጠየቃል።

ከአገር ቤት በኤምባሲ በኩል በትዳር የመኖሪያ ቪዛ የገባችን ሚስት ጉዳዩ አይመለከታትም፤ ከኤርፖርት ጀምራ ቋሚ ነዋሪ ናት። ጥያቄው በእጮኛ ቪዛ መጥታ በ90 ቀን ውስጥ ላገባችው፣ ወይም በተማሪነት ገብታ እዚያው ለተዳረችው ነው።

ብዙ ሰው ሂሳቡን በደመወዝ ብቻ ያሰላል፦ ስንት ወር ትሠራለች፣ ስንት ታገኛለች? እኔ ግን ከደመወዙ በላይ የሚከብደኝ፣ የሥራ ፈቃድ ካርዱ ለብዙዎቹ በራሳቸው ስም የሚወጣ የመጀመሪያው የአሜሪካ መታወቂያ መሆኑ ነው። ቅጹ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ትፈልጊ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ። «አዎ» ካለች፣ ፈቃዱ ሲጸድቅ ሶሻሏንም ማግኘት ትችላለች። እስከዚያ የቤት ኪራዩ ውል በባል ስም፣ ስልኩ በባል ስም፣ መብራቱም በባል ስም ነው። ፍቅር ባለበት ቤት ይህ ችግር አይመስልም። ባል የታመመ፣ ከሥራ የተቀነሰ ወይም የተጣሉ ዕለት ግን ባዶ እጇን የምትቀረው እሷ ናት።

«እስከዚያ ልጅ እየያዝሽ በካሽ ሥሪ» የሚል መካሪም አለ። በ1986 የወጣው ሕግ አሠሪ የሠራተኛውን ወረቀት እንዲያይ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ያለ ፈቃድ የሚገኘው ሥራ በአብዛኛው ከመዝገብ ውጭ ነው። ጡረታ አይቆጠርበትም፤ ደመወዟን ብትከለከልም ማስረጃ የላትም።

ባሎችም አንድ ነገር ይወቁ። ለሚስት ግሪን ካርድ ሲባል የፈረሙት የገንዘብ ድጋፍ ቃል በፍቺ አይፈርስም። ከሚያበቃባቸው መንገዶች አንዱ ዜግነት ማግኘቷ ነው፤ ሌላው 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል የተመዘገበ ሥራ ሲቆጠርላት ነው። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ መሥራቷ የእሱንም ሸክም ያቀላል።

260 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግሪን ካርዱ ፈጥኖ ከመጣ የባከነ ይመስላል። መቼ እንደሚመጣ ግን ጠበቃም ሆነ ዘመድ ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ አመልክቱ። ቅጹ ሲሞላም እሷ ሻይ አቅርባ ዞር አትበል፤ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ፣ «አዎ» የሚለውንም ራሷ ታመልክት።