የሶፍትዌር ልማት ሂደት ሞዴልና ነገር ተኮር ትንተና፦ ልዩነታቸውና ተደጋጋፊነታቸው

ሶፍትዌር የሚያስለማ ተቋም በቅድሚያ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፤ ሥራው በምን ቅደም ተከተል ይከናወናል? ሥርዓቱ የሚያስተዳድራቸው ነገሮችስ የትኞቹ ናቸው?

የመጀመሪያውን የሚመልሰው የሂደት ሞዴል ነው። ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 የገለጹትና በኋላ «ፏፏቴ» የተባለው ሞዴል ፍላጎትን፣ ንድፍን፣ ኮድንና ፍተሻን በተርታ ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 መግለጫው የወጣው አጃይል ግን ሥራውን በአጫጭር ዙሮች ከፍሎ በየዙሩ የተጠቃሚን አስተያየት ይቀበላል።

ሁለተኛውን የሚመልሰው ኦብጀክት ኦሪየንትድ በመባል የሚታወቀው ነገር ተኮር ትንተና ነው። ለአብነት በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ለሚኖር ደንበኛ የውሃ ሂሳብ የሚያሰላ ሥርዓት እንውሰድ። ደንበኛ፣ ቆጣሪ፣ ንባብና ሂሳብ ለየራሳቸው መረጃና ተግባር ያላቸው ነገሮች ናቸው። ደንበኛና ቆጣሪ እንደ አንድ ነገር ከተመዘገቡ፣ ቤቱ ሲሸጥ የቀድሞው ባለቤት ዕዳ በአዲሱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በፏፏቴ ሞዴል ይህ ስህተት እስከ መጨረሻው ፍተሻ ተሸሽጎ ሊቆይና ማረሚያው ውድ ሊሆን ይችላል፤ በአጃይል ግን የቆጣሪ አንባቢዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሊጠቁሙት ይችላሉ።

ስለሆነም ሁለቱ የሚተካኩ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ ናቸው። ተቋማት የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ ከጊዜ ሰሌዳው በተጨማሪ የነገሮቹን ዝርዝርና ግንኙነት እንዲያካትቱ ይመከራል።