ከተማው ሥራውን ሲለውጥ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ከተማ ሥራ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደተለወጠ እንመለከታለን።

«እኛ ያለነው ቆላ ነው። የአዲስ አበባ ሥራ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ እንጠያየቅ። ከመካከላችሁ ልጁ ወይም ዘመዱ ለሥራ ወደ ከተማ ያልሄደበት ማን አለ? ሽንኩርቱን ለአዲስ አበባ ገበያ ያልጫነስ ስንቱ ነው? ከሮቢት እስከ አዲስ አበባ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪናው ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ በዚያው ቀን ይደርሳል። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ሥራው ግን ትናንት በነበረበት ቦታ ቆሞ አይጠብቅም።

ዛሬ አምስት ቃላት እናነባለን። ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው፦

ሙያ፣ ውል፣ ደመወዝ፣ የሙከራ ጊዜ፣ የትርፍ ሰዓት።

አነበባችሁ? ደግማችሁ አንብቧቸው። ወደ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ግመልና ባቡር

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ሥራው የጉልበትና የእጅ ሥራ ነበር። እንጨት ለቃሚ፣ ውሃ ቀጂ፣ ተሸካሚ፣ ሸማኔ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ነጋዴ ነበረ።

በዚያን ዘመን ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርደው ዕቃ የሚጓዘው በግመልና በበቅሎ ነበር። በአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበረች። የአርጎባ ነጋዴዎች ስም የታወቀው በዚያ ንግድ ነው። ግመል ነጂው፣ ጫኙ፣ ደላላው፣ ስንቅ ሻጯ፣ ሁሉም እንጀራ የሚያገኙት ከዚያ ነበር።

በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ ገባ። በለገሃር አዲስ ሥራ ተፈጠረ። ባቡር ነጂ፣ መካኒክ፣ ሐዲድ ጠጋኝ፣ ቲኬት ቆራጭ፣ የመጋዘን ጸሐፊ ተቀጠረ። በአንጻሩ የአልዩ አምባ ገበያ ቀዘቀዘ። ልብ በሉ! ግመል ነጂው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም ሥራው የቀረው። ዕቃው መንገድ ስለለወጠ ነው።

ይህን ነገር ያዙት። የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ሥራ ይመጣል፤ ሥራ ይሄዳል። የሚሄደውም ብዙ ጊዜ በሠራተኛው ጥፋት አይደለም።

ፋብሪካና ፎቅ

ከባቡሩ በኋላ ፋብሪካ መጣ። በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በጉለሌ ጨርቅ፣ ዱቄት፣ ሳሙና፣ ብረት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። ከገጠር የመጣው ሰው በፊሽካ መግባትና በፊሽካ መውጣት ጀመረ። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. መንግሥት 72 ድርጅቶችን ወረሰ። ከዚያ በኋላ በከተማ «ሥራ አገኘሁ» ማለት ለብዙው ሰው «መንግሥት ቤት ተቀጠርሁ» ማለት ሆነ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ብዙ የመንግሥት ፋብሪካዎች ለግል ባለሀብት ተሸጡ። ከውጭ አገር የሚገባው ርካሽ ጨርቅና ልባሽ ልብስም በረከተ። አንዳንዱ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ፤ አንዳንዱም ተዘጋ። ሃያ ዓመት በአንድ መኪና ላይ የቆመ ሠራተኛ ሌላ ሙያ ባይኖረው ወዴት ይሂድ?

ቀጥሎ የግንባታ ዘመን መጣ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በብዛት ተሠሩ። መንገድ ተቀየሰ። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ግንበኛ፣ አናጢ፣ ብረት አሳሪ፣ ለሳኝ፣ የቀን ሠራተኛ ተፈለገ። ከይፋትም ብዙ ጎረምሳ ወጣ። የግንባታ ሥራ ግን አንድ ጠባይ አለው። ፎቁ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ሙያ የያዘው ግንበኛ ወደሚቀጥለው ፎቅ ይሄዳል። ድንጋይ ሲያቀብል የከረመው ግን ማለዳ ተነሥቶ መንገድ ዳር ቆሞ ጠሪ ይጠብቃል።

የስፌት ሥራና የሩቅ አገር ውሳኔ

አሁን ወደ ልጃገረዶቹ ሥራ እንምጣ። በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ጀመረ። የሐዋሳው በ2008 ዓ.ም.፣ የኮምቦልቻው በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ለእኛ ቅርብ በሆነችው በደብረ ብርሃንም ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠራ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ማለት ብዙ ፋብሪካዎች ባንድ አጥር ውስጥ የሚሠሩበት ቦታ ነው። በስፌቱ ሥራ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው።

የሚሰፋው ልብስ የሚሸጠው በውጭ አገር ነው። አሜሪካ ከኢትዮጵያ የሚገባውን ልብስ ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር። ቀረጥ ማለት ዕቃ ድንበር ሲያልፍ የሚከፈል ግብር ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ይህ መብት ተነሣ። ከዚያ በኋላ የልብስ ትእዛዝ ቀነሰ። ፋብሪካቸውን ዘግተው የሄዱ ኩባንያዎችም አሉ።

አያችሁ? ልጅቱ በሰዓቷ ትገባለች። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ሆኖም ውቅያኖስ ማዶ በተወሰነ ነገር ከሥራ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ ከሥራ ተቀንሳ የመጣችን ልጅ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብለን አናሳፍራት። «የተማርሽውን ሙያ እዚህ እንዴት እንጠቀምበት?» እንበላት። ስፌት የሚያውቅ እጅ በሮቢትም ሥራ አያጣም።

ሽንኩርታችሁ የሚያርፍበት ቦታ

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ይህን ምሳሌ የሽንኩርት ገበሬዎች በደንብ ታውቁታላችሁ። በፒያሳ አጠገብ አትክልት ተራ የሚባል የጅምላ ገበያ ነበር። አውራጁ፣ ተሸካሚው፣ ጋሪ ገፊው፣ ሻይ ሻጯ በዙሪያው ይኖሩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ሄደ። ሽንኩርቱ ያው ሽንኩርት ነው። ሥራው ግን ቦታውን ለወጠ። ቤቱን ከገበያው አጠገብ የተከራየው ተሸካሚ ወይ ሰፈር መቀየር ነበረበት፤ ወይ ሥራ መቀየር ነበረበት።

ፊደል የሚጠይቅ ሥራ

ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የሚተዳደረው በአገልግሎት ሥራ ነው። አገልግሎት ማለት ዕቃ ማምረት ሳይሆን ሰውን ማገልገል ነው። ንግድ፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ ታክሲ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የስልክ ጥገና ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። የግል ባንኮች ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተስፋፉ። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ገባ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀምሮ ገንዘብ በስልክ መላክ ተለመደ።

እነዚህ ሥራዎች አንድ የጋራ ነገር አላቸው። ሁሉም ፊደልና ቁጥር ይጠይቃሉ። ድሮ ዘበኛ ዱላ ይዞ በር ላይ መቆም ይበቃው ነበር። የዛሬው ጥበቃ የሚገባውን ሰው ስም በመዝገብ ይጽፋል። የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ይመዘግባል። ዕቃ አድራሹ የቤት ቁጥር ያነባል። አስተናጋጇ ሒሳብ ትጽፋለች።

ሥራ ፈላጊውም በዝቷል። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። በ23 ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቀጣሪው መምረጥ ይችላል ማለት ነው።

ከመሄዳችን በፊት ምን እንጠይቅ?

እንግዲህ «ወደ ከተማ አትሂዱ» አንልም። ሰው እንጀራውን ፍለጋ ቢሄድ አይነቀፍም። ነገር ግን ጠይቆና አንብቦ ይሂድ።

አንደኛ፣ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። የሚተርፈውን አስሉ። ለምሳሌ ደመወዙ 3,000 ብር ነው እንበል። የቤት ኪራይ 1,200፣ ምግብ 1,300፣ መጓጓዣ 300 ብር ቢሆን ወጪው 2,800 ብር ነው። የሚተርፈው 200 ብር ብቻ ነው። ደላላው የሚናገረው 3,000ውን ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን ይህን 200 ነው። እርሳስ አንሡና የራሳችሁን ሒሳብ ሥሩ።

ሁለተኛ፣ የሥራ ውል ጠይቁ። ውል ማለት ሠራተኛና አሠሪ የሚስማሙበት ቃል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት ይላል። የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ ደመወዙን፣ ደመወዙ የሚከፈልበትን ጊዜ፣ ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ በወረቀቱ ላይ ፈልጉ። የሙከራ ጊዜ ካለም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

ሦስተኛ፣ ሰዓታችሁን ቁጠሩ። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ የትርፍ ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት ክፍያችሁ 20 ብር ነው እንበል። የቀን ትርፍ ሰዓት 30 ብር ይሆናል። ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 35 ብር ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀን 40 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን 50 ብር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሰው ቤት የምትሠራ የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ስለዚህ ለእሷ የተጻፈ ስምምነት ይበልጥ ያስፈልጋታል። እናት አባት፣ ልጃችሁን ለደላላ በቃል ብቻ አትስጡ። የቀጣሪዋን ስም፣ ሰፈርና ስልክ፣ የደመወዟንም ልክ በምስክር ፊት ጽፋችሁ ያዙ።

ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። አውራ ጣታችሁንም በቀለም ነክራችሁ አታትሙ። «ፈርሚ፣ ግድ የለም» የሚል ቢመጣ «ቆዩኝ፣ ላንብበው» ማለት ነውር አይደለም። ግመሉም፣ ፋብሪካውም፣ ፎቁም ያልፋል። ማንበብና ሙያ ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው አብረውን ይሻገራሉ።

ጥያቄዎች

1. የአልዩ አምባ ገበያ ለምን ቀዘቀዘ?
2. ከሥራ የተቀነሰ ሰው ሁሉ አጥፍቶ ነው ወይ? ከትምህርቱ አንድ ምሳሌ ጥቀሱ።
3. በሥራ ውል ላይ የምትፈልጓቸውን አራት ነገሮች ጻፉ።
4. ከቤተሰባችሁ በከተማ የሚሠራ ሰው ካለ ደብዳቤ ጻፉለት። «ውል አለህ ወይ? አለሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ያበቃል። መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ አሳዩ።