34 ጥያቄ የሚያውቅ ተማሪ 50 ሊያመጣ ይችላል

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ ኮርስ መጨረስ ብቻውን አይበቃም፤ የመውጫ ፈተናውንም ማለፍ ያስፈልጋል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። 50 ያመጣው ይመረቃል፣ 49 ያመጣው ድጋሚ ይፈተናል። ግን ፈተናውን እንደ ማንኛውም መለኪያ መሣሪያ ብናየውስ? ምን ያህል በትክክል ይለካል?

እስቲ አብረን እናስላው። 100 ጥያቄ አለ፣ እያንዳንዱም አራት ምርጫ አለው እንበል። ምንም የማያውቅ ተማሪ ዝም ብሎ ቢመርጥ በአማካይ 25 ያገኛል። በግምት ብቻ 50 መድረስ የማይታሰብ ነው፤ እስከዚህ ጥሩ። አሁን ደግሞ 34ቱን ጥያቄ በደንብ የሚያውቅ ተማሪ አስቡ። የቀሩትን 66 ይገምታል፣ የ66 ሩብ 16.5 ነው። ሲደመር 50.5! የትምህርቱን ሲሶ ያህል የሚያውቅ ሰው ማለፊያው ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ግምት ዕድል ስለሆነ ደግሞ ውጤቱ ይዋዥቃል። ሒሳቡን ስንሠራው 34 የሚያውቀው ከ10 ጊዜ 6 ጊዜ ያህል ያልፋል፣ 30 የሚያውቀው ደግሞ 3 ጊዜ ያህል። 40 የሚያውቀው ግን ከ20 ጊዜ ቢወድቅ አንዴ ነው። ስለዚህ 49 እና 50 ያመጡትን ሁለት ልጆች የለያቸው ዕውቀት ላይሆን ይችላል። (ምህንድስና የተማረ ሰው የስህተት ወሰኑ ያልተጻፈለት ቁጥር ሲያይ ቅር ይለዋል።)

ፈተና አውጪዎች ይህን የሚያሻሽሉበት መንገድ አላቸው። ከፈተናው በኋላ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትንና ዝቅተኛ ያመጡትን ለይተው እያንዳንዱን ጥያቄ ያያሉ። ጎበዞቹ መልሰውት ደካሞቹ ከሳቱት ጥያቄው ሥራውን ሠርቷል። ሁሉም ከመለሱት ማንንም አልለየም። ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ ካገኙት ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል ወይም ጥያቄው ግልጽ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ መውጣት አለበት።

ይሁንና ፈተናው የቱንም ያህል ቢሻሻል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ግንባታ ላይ የአርማታ ናሙና በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ቁጥሩ ይታመናል፤ ነገር ግን ዝቅ ብሎ ከተገኘ ኮለኑ ቆሟል፣ ምናልባት ከላዩ ሌላ ፎቅ ተጀምሯል። ለዚህ ነው ሳይት ላይ ገና እርጥቡ አርማታ ስላምፕ የሚለካው። 30 ሴንቲሜትር ቁመት ባለው ሾጣጣ ቆርቆሮ ሞልተው ቆርቆሮውን ያነሱታል፣ ከዚያ ምን ያህል እንደወረደ ያያሉ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ካላማረ መኪናውን መመለስ ይቻላል።

የዩኒቨርሲቲው ስላምፕ የላብ ሪፖርቱ፣ ሚዱ፣ ፕሮጀክቱ ነው። ካለፈው ባች የተገለበጠ የላብ ሪፖርት ሙሉ ማርክ ካገኘ፣ ያን ክፍተት አራተኛና አምስተኛ ዓመት ላይ የሚመጣ ባለ ምርጫ ፈተና አይሞላውም። ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ከውጭ ፈታኝ ይጋበዛል። በእኔ አስተያየት የሁለተኛ ዓመት የፈተና ወረቀቶችም በየዓመቱ ጥቂቶቹ በዕጣ ተመርጠው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ መምህር ቢያርማቸው፣ ከመውጫ ፈተናው ሁለት ሦስት ዓመት ቀድመን ችግሩን እናየው ነበር።