ማኅፀንዋ በቀዶ ጥገና ስለ ወጣላት እናት

«ማኅፀንዋ የወጣላት ሴት ከእንግዲህ ሴት አይደለችም» የሚል አነጋገር በየጊዜው እንሰማለን። ይህን ቃል በመፍራት፥ ማዮማ የተባለው የማኅፀን ዕጢ ደማቸውን እያፈሰሰ ጉልበታቸውን ሲያደክመው ዝም ብለው ዓመታት የሚያሳልፉ እናቶች አሉ። እንዲህ ያለው አሳብ በአገራችን ብቻ የተወለደ አይደለም። የጥንት ግሪኮችም ብዙውን የሴት ሕመም ከማኅፀን ይመጣል ይሉ ነበርና፥ ሂስቴሪያ የተባለው የሕመም ስም የወጣው ማኅፀን ከሚለው ቃላቸው ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማኅፀን አንድ ጭብጥ የሚያህል ጡንቻ ሲሆን፥ ዋና ሥራው ፅንስን ይዞ ማሳደግ ነው። ሲወጣ የወር አበባ ይቀራል፤ መፅነስም አይቻልም። ይህም ልጅ ለምትናፍቅ ሴት ታላቅ ሐዘን ነው። ስለዚህ ዕጢውን ብቻ ማውጣት ወይም በመድኃኒት መርዳት ይቻል እንደ ሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

የሴትነትን ሆርሞን የሚያመነጩት በማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የእንቁላል ማኅደሮች ናቸው። እነርሱ ከቀሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሁለቱም ከወጡ ግን ገና ያላረጠች ሴት በድንገት ታርጣለች፤ ሙቀትና ላብ ይመጣባታል፥ እንቅልፍ ይነሣታል፥ ውሎ አድሮም አጥንትዋ ሊሳሳ ይችላል። ለዚህም ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ። የማኅፀን በር ያልወጣ እንደ ሆነ ደግሞ የካንሰር ምርመራው አይቋረጥ።

ሆድዋ ተከፍቶ የታከመች እናት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕረፍት ያስፈልጋታል። ዕረፍት ማለት ግን ተኝቶ መዋል አይደለም፤ ደም በእግርዋ ሥሮች እንዳይረጋ በየቀኑ ቀስ ብላ ትራመድ። ውሃ መሸከምና ከባድ ዕቃ ማንሣት በዚህ ጊዜ የባልና የቤተ ሰብ ሥራ ይሁን። ትኩሳት፥ ብዙ ደም፥ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ፥ የአንድ እግር ማበጥ ወይም ያለ ፈቃድ የሚፈስ ሽንት ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

የባልና የሚስት ግንኙነትም ቁስሉ ድኖ ሐኪም ሲፈቅድ፥ ይኸውም ቢያንስ ከ6 ሳምንት በኋላ፥ ይቀጥላል። ሕመሙና ደሙ ስለሚቀርላቸው ኑሮአቸው ከቀድሞው የሚሻሻል ብዙዎች ናቸው።

ቢላዋ ያቆሰለው ገላ በሳምንታት ይድናል፤ ክፉ ቃል ያቆሰለው ልብ ግን ብዙ ይዘገያል። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የምትችሉ ሁሉ፥ ይህን ለጎረቤቶቻችሁ፥ ይልቁንም ለባሎች፥ ታስረዱልን ዘንድ በአክብሮት እናሳስባለን።