ከናሙና እስከ ውጤት፦ የሕክምና ላብራቶሪ ትምህርት

የሕክምና ላብራቶሪ ሳይንስ ደምን፣ ሽንትን፣ ሰገራን፣ አክታንና ሌሎች ናሙናዎችን መርምሮ ለሐኪሙ ውጤት የማቅረብ ሙያ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ፊዚዮቴራፒ፣ ሰመመን፣ ራጅና ኦፕቶሜትሪ ካሉ ሙያዎች ጎን ለጎን ይሰጣል። ታካሚ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል እነዚህ ሙያዎች በየስማቸው ብዙም አይታወቁም።

ጤና በሐኪም ብቻ እንደማይሆን ግን ቀድሞም ታውቆ ነበር። በ1947 ዓ.ም ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ብዙ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነው።

የላብራቶሪ ተማሪው መጀመሪያ የጋራ ትምህርቶችን፣ ቀጥሎ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ይወስዳል። ከዚያ ዋናው ይመጣል፦ ሄማቶሎጂ፣ ክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ ፓራሲቶሎጂ፣ ባክቴሪዮሎጂ፣ የደም ባንክ ሥራ። በመጨረሻ ሆስፒታል ገብቶ በየክፍሉ እየተዘዋወረ ይለማመዳል። ንድፈ ሐሳቡ ከባድ ቢሆንም በጥናት ይገፋል፤ እጅንና ዓይንን መግራት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

የወባ ምርመራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጣት የተወሰደ ደም በአንድ ስላይድ ላይ ወፍራምና ስስ ሆኖ ይዘጋጃል። ስሱ ሲደርቅ ሜታኖል ይነካዋል፤ ወፍራሙ ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ ምክንያቱም ቀይ የደም ሴሎቹ በማቅለሚያው ውኃ ፈርሰው ተውሳኩ ተገልጦ መታየት አለበት። ጀማሪ እጅ ሜታኖሉን ወደ ወፍራሙ ካንጠባጠበ ያ ክፍል በደንብ አይነበብም። ስላይዱ በጊምሳ ቀልሞ ከደረቀ በኋላ ዘይት ጠብ ተደርጎበት 100 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ይታያል። ወፍራሙ ተውሳክ መኖሩን፣ ስሱ ዓይነቱን ይናገራል። ዓይነቱን መለየት ግድ ነው፤ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚያገረሽ ፋልሲፓረም ከተባለው የተለየ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል። «ወባ የለም» ለማለት ቢያንስ 100 የእይታ መስኮች መታየት አለባቸው። የቀለም ዝቃጭና ፕላትሌት ደግሞ ያልለመደ ዓይንን ያታልላሉ፤ ድካም ሲጨመርበት 100ው ወደ 30 የመውረድ ፈተና አለው። አስተማሪዎች አጥብቀው የሚቆጣጠሩትም ይህንኑ ነው፤ ያልታየ መስክ ወረቀቱ ላይ አይታወቅምና።

በደም ባንክ ስሕተት የበለጠ ያስፈራል። ናሙናው የተቀዳበት ቱቦ ታካሚው አጠገብ እያሉ ስምና ቁጥር ካልተጻፈበት የአንዱ ደም ዓይነት ለሌላው ሊመዘገብ ይችላል፤ የማይስማማ ደም ደግሞ ሰው ይገድላል። ማሽን ሥራውን ቢያቀልም ከዚህ አያድንም፤ የተሳሳተ ስም የያዘውን ቱቦ እንደ ትክክለኛው አድርጎ ይለካዋል። ማሽኑ ራሱም ውጤቱ አስቀድሞ በታወቀ ናሙና ሳይፈተሽ የታካሚ ናሙና አይገባበትም።

ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ለመሥራት ደግሞ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥራው በጤና ጣቢያ፣ በሆስፒታል፣ በደም ባንክና በምርምር ተቋማት ይገኛል። መግፋት የሚሻ በማይክሮባዮሎጂ፣ በሄማቶሎጂ ወይም በክሊኒካል ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ይቀጥላል።