ቀላል ጎማ ቀላል ነገር አይደለም

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ በደካ ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወዳጄ የተራራ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ልብሱ ቀይ አፈር ለብሷል፤ የኋላው ጎማም መሬት ላይ ተኝቷል። «ምነው፤ ምን አገኘህ?» ብለው፤ «የአራት ወር ቁጠባዬ በአንድ ድንጋይ ላይ ቀረ» ሲል መለሰልኝ። በዘመድ አማካይነት ከውጭ አገር ያስመጣው፤ ከሁሉ ይቀላል የተባለለት የእሽቅድምድም ጎማ ጎኑ በሁለት ጣት ስፋት ተቀዶ ነበር። ከዚያም ውኃ ጠጥቶ አረፍ ካለ በኋላ፤ «አንተ የፊዚክስ መምህር ነህና፤ የተሳሳትኩት ምን ላይ እንደ ሆነ ንገረኝ» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

አገራችን ለብስክሌት እሽቅድምድም እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚህ ግን የአስፋልት ውድድሮች ናቸው። ዳገትና ቁልቁለት፤ ሥርና ድንጋይ በበዛበት መንገድ የሚደረገው የተራራ ብስክሌት እሽቅድምድም ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ነው። የካፋን ቀጭን የጫካ መንገዶች ያየ ሰው፤ ይህ ስፖርት ለዚህ አገር የተፈጠረ ነው ቢል አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ጎማው እንመለስ። በ1888 እ.ኤ.አ. ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በአየር የተሞላ ጎማ ከሠራ ወዲህ፤ የብስክሌት አየር የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ በከለመዳሪ ውስጥ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከሚሽሊንና ከሁቺንሰን ጋር ሆኖ ለተራራ ብስክሌት ከለመዳሪ የማያስፈልገው ጎማና ቸርኬ አወጣ። ጎሚስታዎቻችን ከመኪና ጎማ የሚያውቁት «ቲዩብለስ» ማለት ይኸው ነው። የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ጋር ጥብቅ ብሎ ስለሚገጥም አየሩ አይወጣም፤ በውስጡም ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨመርበታል። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ወደ ቀዳዳው ይሮጥና እዚያው ይረጋል፤ ጋላቢውም ብዙ ጊዜ መወጋቱን እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የዚህ ጎማ ጥቅም ቅለቱ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ከለመዳሪ 200 ግራም ያህል ቢመዝን፤ በእርሱ ፈንታ የሚገባው ፈሳሽ ወደ 100 ግራም ይጠጋል፤ ስለዚህ ትርፉ ለአንድ እግር 100 ግራም ያህል ነው። ዋናው ጥቅም በአየሩ ልክ ላይ ነው። ከለመዳሪ ያለው ጎማ አየሩ ሲያንስ፤ ከለመዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ከለመዳሪ የሌለው ግን የሚቆነጠጥ ነገር ስለሌለው፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ20 እስከ 25 ፒ.ኤስ.አይ. በሆነ አየር ሊነዳ ይችላል። ለስለስ ያለ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፤ በእርጥብ ሥር ላይም አይንሸራተትም፤ ክንድንም አያደክምም።

እንግዲህ የክብደቱን ሒሳብ እናስላ። ቀላል የሚባለው የእሽቅድምድም ጎማ ከ600 እስከ 700 ግራም ይመዝናል፤ ጎኑ የተጠናከረው ደግሞ ከ750 እስከ 900 ግራም ይደርሳል። ልዩነቱ ለሁለቱ እግር 300 ግራም ነው እንበል። ጋላቢውና ብስክሌቱ በአንድነት 75 ኪሎ ቢመዝኑ፤ 300 ግራም ከመቶ 0.4 እጅ ይሆናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ 14 ሰከንድ ያህል ያተርፍለታል። በርግጥ ከመዞሪያው ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት ፍጥነት ለመጨመር እጥፍ ጉልበት ስለሚጠይቅ፤ ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ ልዩነቱ በመጠኑ ይሰማል። ነገር ግን ጎማው አንድ ጊዜ ቢቀደድ፤ የሚጠፋው ሰከንድ ሳይሆን ደቂቃ ነው።

ለዚህም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የታየው ጥሩ ምሳሌ ነው። እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በውድድሩ መካከል የፊት ጎማው ተበሳበትና ከግማሽ ደቂቃ በላይ አጣ። ሆኖም እግሩን አስቀይሮ፤ ሁሉንም ደርሶ፤ ፈረንሳዊውን ቪክቶር ኮሬትስኪን በ9 ሰከንድ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። በ9 ሰከንድ ለሚሸነፍ ሰው 14 ሰከንድ ትልቅ ሀብት ስለሆነ፤ የዓለም ተወዳዳሪዎች ቀላል ጎማ መውደዳቸው አያስደንቅም። ነገር ግን ፒድኮክን በመንገዱ ዳር መለዋወጫ እግር የያዙ ሠራተኞች ይጠብቁት ነበር። በደካ መንገድ ወዳጄን የጠበቀው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጎማ ስትመርጡ በመጀመሪያ መሬቱን ተመልከቱ። ካፋ ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው፤ ቀዩ አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጥርሱ አጭርና የተቀራረበ ጎማ በበጋ ጠንካራ መሬት ላይ ይፈጥናል፤ በክረምት ግን ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ይሞላና ጎማው እንደ ሙዝ ልጣጭ ይንሸራተታል። ለጭቃ ጥርሱ ረዘምና ራቅ ራቅ ያለ፤ ስፋቱም ጠበብ ያለ ጎማ ይሻላል፤ አለዚያ ጭቃው በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል ተጠቅጥቆ እግሩን ይይዘዋል።

ሁለተኛ፤ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። የፊተኛው መሪ ስለሆነ ጥርሱ የሚነክስ ይሁን፤ የኋለኛው አብዛኛውን ክብደት ስለሚሸከምና ድንጋዩን በኃይል ስለሚመታ ጎኑ ጠንካራ ይሁን። ወዳጄ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የገዛው በሚዛን ብቻ ነበር። በጎማው ጎን ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የክር ቁጥር ይጻፋል፤ 120 የሚለው ብዙ ጊዜ ቀጭንና ቀላል፤ 60 የሚለው ወፈር ያለ ነው። ፈሳሹ የእሾህን ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ፤ ድንጋይ የሰነጠቀውን ጎን አይጠግንም።

ሦስተኛ፤ ቸርኬው ለቲዩብለስ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሽቦዎቹ ቀዳዳም አየር በማያስወጣ ፕላስተር ይሸፈን። በእጅ መንፊያ ካልገጠመ ኮምፕሬሰር ወዳለው ጎሚስታ ውሰዱት። ፈሳሹ ስለሚደርቅ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ተመልከቱት፤ ሩቅ ስትሄዱም አንድ ከለመዳሪ በኪሳችሁ አይጥፋ። ገንዘቡ ለማይበቃችሁ ደግሞ፤ ከለመዳሪ ያለው ጥሩ ጎማ በተገቢው አየር ቢነዳ የሚያሳፍር አይደለም።

ወዳጄ አሁን ከኋላ ጎኑ የተጠናከረ ጎማ አስገብቷል፤ ያልተቀደደውን ቀላሉን ጎማ ከፊት ትቶታል። ዳገቱን እንደ ቀድሞው አልፈጥንም ይላል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱን እየገፋ ሲመጣ አላየሁትም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት፤ ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ለጎማም ቢሆን ከመሮጥ በፊት ማሰብ ይቀድማል።