ከ24 እጅ አንዱ፦ የንኡሳን መኪኖች ጥበብ

ጀርባዋ እንደ ኤሊ ድንጋይ የጎበጠው፣ ሞተሯን በስተኋላ የተሸከመችው ቮልስዋገን ከፊት ጎማዋ እንብርት እስከ ኋላ ጎማዋ እንብርት ድረስ ስትለካ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ነች፤ ይህም ልክ ለ24 ሲካፈል ያለ አንዳች ትርፍና ጉድለት 10 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ይህን ባገኘሁ ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ለሌላ ሰው ቀላል መስሎ ሊታየው ይችላል፤ እኔ ግን አባቴ በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ይነዷት የነበረችውን ሰማያዊ ቮልስ በመዳፌ ላይ ላቆማት እመኝ ስለ ነበረ፣ ከመዳፌ ስፋት ጋር የሚስማማ ሙሉ ቁጥር ማግኘቴን እንደ መልካም ምልክት ቆጠርሁት።

ፈረንጆች ይህን ሥራ «ስኬል ሞዴል» ይሉታል፤ እኛም የመኪና አምሳያ ማበጀት ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ሠሪው በእውን ያለ ወይም የነበረ አንድ መኪና መርጦ፣ በተወሰነ ልክ ካነሱ ብዙ የፕላስቲክ ብልቶች እየገጣጠመና ቀለም እየቀባ፣ ያየው ሰው «እርሷው ናት» እስኪል ድረስ ይደክማል። ከመጫወቻ የሚለየውም በዚህ ነው፤ መጫወቻ ለእጅ የተሠራ ስለ ሆነ ከተሽከረከረና ሲወድቅ ካልተሰበረ ግዴታውን ፈጽሟል፤ አምሳያ ግን ለዐይን የተሠራ ስለ ሆነ ሐሰቱ አንድ ጊዜ ከታወቀበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በልጅነታችን ሽቦ ጠምዝዘን፣ ከቆርኪ ጎማ አበጅተን፣ በረዥም ዘንግ እየመራን የነዳናቸው መኪኖች ከሁለቱ ወገን የትኛው ውስጥ እንደሚገቡ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፤ በሰፈራችን የሚያልፈውን አውቶቡስ ለመምሰል የመስኮቶቹን ቁጥር ቆመን እንቆጥር የነበርን ልጆች ግን፣ ሳናውቀው የዚህ ጥበብ ደቀ መዛሙርት ነበርን እላለሁ።

ልኩም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። እንግሊዞች አንዱን ጫማ በ12 ኢንች ስለሚከፍሉት፣ አንዱን ጫማ በግማሽ ኢንች የወከለ ሰው ከ24 እጅ አንዱን በቀላሉ ያገኛል፤ ለመደርደሪያ የሚሠሩት ትንንሽ የብረት መኪኖች ከ43 እጅ አንድ ገደማ የሆኑትም፣ አንዱ ጫማ በ7 ሚሊ ሜትር ከተመተረበት ከአምሳያ ባቡር ልክ የተወረሰ ስለ ሆነ ነው። አሜሪካኖች ከ25 እጅ አንዱን ይወዳሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ምሥጢር አለ፤ ርዝመት ለ24 ሲካፈል የገጹ ስፋት ለ576፣ ይዘቱም ለ13,824 ይካፈላል። ወደ 800 ኪሎ የምትመዝን ቮልስ ብረቷም ሞተሯም በዚሁ ልክ ቢመጠን ክብደቷ 58 ግራም ብቻ በሆነ ነበር፤ ብርሃን፣ አቧራና የቀለም ጠብታ ግን ከመኪናዪቱ ጋር አብረው አያንሱም። የዚህ ሥራ ችግሩም ውበቱም ከዚህ ይመነጫል፤ ማካፈል ብቻውን ትንሽ ነገር ያወጣል እንጂ እውነተኛ የሚመስል ነገር አያወጣም፤ ሠሪው ለዐይን ሲል ከቁጥሩ የሚወጣበትን ስፍራ ማወቅ አለበት።

የታሪኩን ነገር እንደ ሆነ፣ የጄኔራል ሞተርስ የካሮሴሪያ ክፍል የነበረው ፊሸር ቦዲ እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ ለወጣቶች አንድ የእጅ ጥበብ ማኅበር አቁሞ፣ የድርጅቱ ዓርማ የነበረውን የናፖሊዮን ዘመን ሠረገላ አሳንሰው በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ ጋበዛቸው፤ ላሸነፉትም የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ከ1937 ጀምሮ ደግሞ ወጣቶቹ ከራሳቸው ልቡና ያፈለቁትን መኪና ከ12 እጅ አንድ አድርገው እንዲቀርጹ ተፈቀደላቸው። ውድድሩ እስከ 1968 ዘለቀ፤ በ1947 ካሸነፉት አንዱ ቻክ ጆርዳን ኋላ የጄኔራል ሞተርስ የቅርፅ ነዳፊዎች አለቃ ለመሆን በቃ። በ1948 የተቋቋመው ኤ.ኤም.ቲ. በበኩሉ መኪና ሻጮች በጠረጴዛቸው ላይ አኑረው ለገዢ የሚያሳዩአቸውን አምሳያዎች ይሠራ ነበር፤ ስሙን ከአሉሚኒየም ቢወስድም ወዲያው ወደ ፕላስቲክ ዞሮ፣ በ1958 አንዱን መኪና ከሦስት መልክ በወደዱት አድርገው የሚገጥሙትን ሣጥን ለገበያ አቀረበ።

በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ በ1946 እንጨት በመሰንጠቅ ሥራ የጀመረው ታሚያም በ1960 ወደ ፕላስቲክ ገብቶ ከጊዜ በኋላ በዚህ ጥበብ ከታላላቆቹ ተቈጠረ። ከዚህ ቤት ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የማከብረው አንድ ነገር አለ፤ የመሥራቹ ልጅ ሹንሳኩ ታሚያ በ1976 የወጣውን የፖርሽ 934 አምሳያ ሊያዘጋጅ በተነሣ ጊዜ፣ ንድፍና ፎቶግራፍ አልበቃ ስላለው ፖርሽ 911 ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ ብልት በብልት መረመረው። የሊቃውንትን አንድምታ የሚማር ሰው ንባቡን ሳያደላድል ወደ ትርጓሜ እንደማይገባ ሁሉ፣ ይህም ሰው ታላቁን ሳያነብ ታናሹን ለመተርጐም አልደፈረም።

ሣጥኑ ሲከፈት ብልቶቹ በፕላስቲክ ሐረግ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው ይገኛሉ፤ የቀለጠው ፖሊስታይሪን በብረት ቅርጽ ውስጥ በኀይል ተገፍቶ ሲገባ የሄደበት ቦይ ነው ሐረግ ሆኖ የሚቀረው። ሠሪው አስቀድሞ ሁሉን በሳሙና ያጥባል፤ ብልቱ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተደረገው ቅባት ቀለምን አያስጠጋምና። ከዚያም በስል መቁረጫ ፒንሳ ከሐረጉ ይለያል፣ ጠባሳውን በምላጭ ይፍቃል፣ በወረንጦ እየያዘ ያለ ማጣበቂያ ገጥሞ ይሞክራል። ማጣበቂያውም ኮላ ይባል እንጂ እንደ ኮላ በሁለቱ መካከል የሚቆም አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን ጥቂት አቅልጦ አንዱን ከሌላው ጋር ያዋሕዳል፤ ፈሳሹ ሲተን ሁለት የነበረው አንድ ሆኖ ይቀራል።

መገጣጠሙን ቅኔ ማሕሌት ብንለው፣ ማለስለሱን ቅድስት ብንለው፣ መቅደሱ ቀለም መቀባቱ ነው። በፋብሪካ የተቀባ መኪና ቀለሙ ከነመሠረቱ የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ይወፍራል፤ ይህ ለ24 ሲካፈል ከሚሊ ሜትር ሺህ እጅ 4 እጅ ብቻ ስለሚሆን፣ እንዲህ የሳሳ ቀለም በእጅ ሊቀባ አይችልም። በብሩሽ አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር የቀባ ሰው በእውነተኛዪቱ መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ልስን እንደ ለሰነባት ይቈጠራል፤ የኮፈኑ ጠርዝ ይደነዝዛል፣ 5 ሚሊ ሜትር የነበረው የበር ክፍተት በአምሳያዋ ላይ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ጥቂት ብቻ ስለሚበልጥ ፈጽሞ ይደፈናል። ስለዚህ ዐዋቂው የበሩን መስመር ከቅቡ በፊት በስል መርፌ ያጠልቃል፤ ቀለሙንም ወተት እስኪመስል በቲነር አቅጥኖ፣ ብዕር በምታህል መንፊያ በኮምፕሬሰር አየር እንደ ጭጋግ ይነፋዋል፤ አንዱ ጭጋግ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይጨምርም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ግራጫ መሠረት ይነፋል። ብራና ፋቂ ቆዳውን ወጥሮ ጠጕሩንና ሥጋውን ከፋቀ በኋላ በድንጋይ እያሸ የሚያለሰልሰው ኋላ የጸሐፊው ብዕር እንዳይሰናከል እንደ ሆነ ሁሉ፣ ይህ ግራጫ መሠረትም በእጅ የማይታወቀውን ጭረት በዐይን ገልጦ ያሳያል፤ በቁጥር 1,000 ከዚያም በ2,000 ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ እየነከሩ ማሸት እስኪያሰለች የሚደጋገመው በዚህ ጊዜ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ትዕግሥት አጥቼ፣ ገና በውስጡ ባልደረቀ የኢናሜል ቀለም ላይ ላኬር ነፍቼበት፣ የላኬሩ ቲነር ሥር ገብቶ የታችኛውን ቀለም ስላፈላው የኮፈኑ ገጽ በዐይኔ ፊት እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ተሰነጣጠቀ፤ የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ሌሊት አጥቤ እንደ ገና ጀመርሁ።

የሚያብለጨልጭ ቀለም የመረጠ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በቀለሙ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ብናኝ ከሚሊ ሜትር ሃያ እጅ አንዱን ቢያህል፣ በ24 ሲባዛ የጤፍ ቅንጣት ያህላልና፣ ለታላቋ መኪና የተዘጋጀውን ቀለም በታናሿ ላይ ቢነፋ ጤፍ የተበተነባት ትመስላለች። ጥቁርም እንዲሁ ያታልላል። አምሳያዋን ከግማሽ ሜትር ላይ የሚመለከት ሰው እውነተኛዪቱን ከ12 ሜትር እንደሚያይ ነው፤ በዚያ ርቀት ደግሞ ብርሃንና አየር ጥቁሩን ሁሉ ጥቂት ያፈዝዙታል፤ ስለዚህ ጎማውን ዐዋቂ ሠሪ በጥቁር ሳይሆን ጠቆር ባለ ግራጫ ይቀባዋል፣ የበሩንም መስመር በቀጠነ ግራጫ ቡናማ ብቻ ይሞላዋል። ቁጥሩ «ጥቁር ነው» ሲል ዐይን «አይደለም» ይላል፤ በዚህ ሙግት ሁልጊዜ የሚፈረደው ለዐይን ነው።

ቮልሷን ባለፈው ክረምት ፈጸምኋት። ሰማያዊው ምን ዐይነት ሰማያዊ እንደ ነበረ የሚመሰክር ከአንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በቀር ስላልነበረኝ፣ አባቴ የቀለም ናሙናዎቹን በመስኮት ብርሃን አንድ በአንድ እያዩ ሁለት ቀን ካሰቡ በኋላ መረጡልኝ። በፎቶግራፉ ላይ የግራው ፓራፋንጎ ከሌላው አካል ጠቆር ብሎ ይታይ ስለ ነበረ ጠየቅኋቸው፤ ተጋጭቶ ስለ ተቀየረ ቀለሙ ኋላ የተቀባ መሆኑን ነገሩኝ። ያንን አንዱን ፓራፋንጎ ለብቻው፣ አንዲት የጥቁር ጠብታ ጨምሬበት ቀባሁት። ሥራው አልቆ በመዳፋቸው ላይ ባኖርኋት ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው በመስኮቷ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከቱና ብዙ ዝም አሉ። ኋላም፣ «ልጄ፣ የማርሹ ዘንግ እኮ ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር፤ እናትህ ጉልበቷን ይመታታል እያለች ትቈጣኝ ነበር» አሉኝ።

«ለማታ ይደርሳል አባባ» አልኋቸውና ካሮሴሪያዋን ከሻሲዋ ላላቅቃት ወደ ጠረጴዛዬ ወሰድኋት።